ምርቃት ያረፈበት መስታወት

ጡረታ ወጥቻለሁ። ዕድሜዬ አሥራ ሰባት ነው።

አትሳቁ። አራት ዓመት ሙሉ፣ በትምህርት ጊዜ ቅዳሜ ቅዳሜ፣ ክረምት ሲሆን ደግሞ በየቀኑ፣ አንድ ፎቶ ቤት ውስጥ ሠርቼ ነው የወጣሁት። ባለፈው ሳምንት አለቃዬ ጋሽ ታደለ የሱቁን ቁልፍ ከእጄ ተቀብለው «በይ እንግዲህ፣ ባለጡረታዋ» ሲሉኝ፣ ስለ ሥራ ዘመኔ የመጻፍ ግዴታ እንዳለብኝ ወዲያው ገባኝ። አያቴ ከመሥሪያ ቤቱ ሲሰናበት የምስክር ወረቀትና የግድግዳ ሰዓት ሰጥተውታል። እኔ ሰዓት የሚሰጠኝ ስለሌለ ይቺን ጽሑፍ ለራሴ እሰጣለሁ። ደግሞ የአማርኛ መምህራችን ድርሰቴን ለክፍሉ ካነበቡት ወዲህ እጄን የሚያቆመው ጠፍቷል።

ፎቶ ቤቱ ምሥራቅ ክፍለ ከተማ ነው፣ በዳቦ ቤትና በባጃጅ ጋራዥ መካከል። ከግራ ዱቄት ይመጣል፣ ከቀኝ አቧራና የዘይት ሽታ ይመጣል። ጋሽ ታደለ በወጣትነታቸው ከጎጃም ፊደል ሊያስተምሩ መጥተው፣ ፎቶ አንሺ ሆነው እዚሁ ሐዋሳ የቀሩ ሰው ናቸው። «ለካሜራ ከዚህ የከፋ ቦታ ከየት አገኙ?» ብዬ አንድ ጊዜ ብጠይቃቸው፣ «ዳቦው ትኩስ ነው» አሉኝ።

የመጀመሪያው ቀን እንዲህ ነበር። አሥራ ሦስት ዓመቴ ነው። ካሜራ ሊያስይዙኝ ነው ብዬ ፀጉሬን ተሠርቼ ሄጃለሁ። ጋሽ ታደለ «መዳፍሽን ዘርጊ» ብለው አንድ ክብ፣ ጠርዙ ጥቁር ብረት የሆነ መስታወት አስቀመጡበት።

«ሥራሽ ይሄ ነው።»

«ምንድነው ጋሼ?»

«ፊልተር ይባላል። ትልቋ ሌንስ ፊት ላይ ይጠመዘዛል፤ ዘበኛዋ ነው። አቧራውን እሱ ይቅመስ፣ ጭረቱን እሱ ይቀበል። እሱ ቢሰበር ሌላ ይገዛል። እሷ ብትጫር ግን እኔም አንቺም ሱቁን ዘግተን ድንች እንሸጣለን።»

«እኔ ድንች መሸጥ አልችልም።»

«እኔም አልችልም። ስለዚህ ደህና አድርገሽ ጥረጊ።»

ታዲያ ምን አደረግኩ? የሹራቤን ጫፍ ሳብ አድርጌ ልጠርግ ስል እጄን ከመንገድ ያዙት። ያን ቀን ጠዋት እስከ ምሳ የተማርኩት ፎቶ ማንሳት አልነበረም፤ መስታወት መጥረግ ነበር። መጀመሪያ በጎማ መንፊያው ይነፋል። ቀጥሎ በለስላሳው ብሩሽ ይወለወላል። ከዚያ በኋላ ብቻ ትንፋሽ እፍ ተብሎበት፣ በንጹሕ ጨርቅ ከመሐል ወደ ዳር እየተዞረ ይጠረጋል። «ካልነፋሽ የምታሽው አሸዋውን ነው» አሉኝ። «አሸዋ ደግሞ መስታወት ነው፤ ወንድሙን ይነክሳል።»

የጋሽ ታደለን አመል ልንገራችሁ፣ እኔ የማደንቀው እሱን ነውና። ሌንሷን ከመንካታቸው በፊት እጃቸውን እንደ ሐኪም ይታጠባሉ። የጋብቻ ቀለበታቸውን አውልቀው የሸሚዝ ኪሳቸው ውስጥ ይከታሉ። ማራገቢያውን ያጠፋሉ፣ በሩን ይዘጋሉ፣ ደንበኛ ቢያንኳኳ «አንዴ!» ብለው ሥራቸውን ይቀጥላሉ። የመጥረጊያ ጨርቆቹን ቤታቸው ወስደው ራሳቸው ያጥባሉ፤ ማንንም አያስነኩም። ባለቤታቸው እትዬ አልማዝ ሱቅ ሲመጡ «የልጆቹን ሸሚዝ አንድ ቀን እንዲህ አጥቦ ቢሆን ኖሮ፣ ጻድቅ ነው ብዬ በመሰከርኩለት» ይላሉ። ጋሽ ታደለ ቀና ሳይሉ «ሸሚዝ በእርሳስ ቢጫር ይታጠባል» ብለው ይመልሳሉ።

ፊልተር አንዳንዴ ይነክሳል። ጥርሱ ከሌንሷ ጥርስ ጋር ተቆላልፎ አልፈታ ይላል። ሌላው ሰው ጠምዝዞ ይሰብረዋል። ጋሽ ታደለ ከጎረቤት ጋራዥ የለመኑት አንድ ቁራጭ ከመነዳሪ አላቸው፤ ያቺን ጎማ በጠርዙ ዙሪያ ጠቅልለው፣ ጭራሽ ሳይጨምቁ፣ እንደ ማር ጠርሙስ ክዳን ቀስ ብለው ያዞሩታል። ሲመልሱት ደግሞ መጀመሪያ ወደ ኋላ ያዞሩታል፤ ጥርሱ ቀጭ ብሎ ቦታውን ሲያገኝ ነው ወደ ፊት የሚያጠብቁት። አሁን እኔ ቤት ውስጥ የዘይት ጠርሙስ ክዳን ሳይቀር እንደዚያ ነው የምገጥመው። እናቴ «ምን ሆነሽ ነው የምታዳምጪው?» ትለኛለች።

አንድ ዓመት መስታወት ከጠረግኩ በኋላ ሹመት መጣ፤ ወደ ሐይቁ ዳር ተመደብኩ። እዚያ በትንሿ ሌንስ የሚያነሳው የጋሽ ታደለ የእህት ልጅ ሮቤል ነው። ሮቤል ጎበዝ ነው፣ ቀልደኛ ነው፣ ግን በእኔ ላይ የማይለው የለም።

«ማሚቱ፣ ዛሬ ስንት ብርጭቆ አጠብሽ?»

«ካንተ ጥርስ የነጣ አንድ አጥቤያለሁ።»

ሮቤል ሁዱን ገልብጦ ነው የሚይዘው። ሁድ ማለት ሌንስ አፍ ላይ የሚሰካው ጥቁር ጥላ ነው፤ የጎን ፀሐይ ይከልላል፣ ዕቃው ቢወድቅም መሬቱን ቀድሞ እሱ ይነካል። ብዙ ሰው ግን ቦርሳ ውስጥ እንዲገባለት ወደ ኋላ ገልብጦ ይሰካውና እንደዚያው ያነሳል። ጋሽ ታደለ ሐይቅ ዳር መጥተው ይህን ባዩ ቁጥር አይቆጡም። አጠገቡ ቆመው በረጋ ድምፅ «ሮቤል፣ ዣንጥላህን አጥፈህ በብብትህ ይዘህ ዝናብ ላይ ቆመሃል» ይሉታል። ሮቤል ይስቃል፣ ያስተካክላል፣ በማግስቱ ይገለብጣል።

ሐይቁ ዳር ለመስታወት ጠላቱ ብዙ ነው። ጀልባ ሲያልፍ ይረጫል። ዓሣ ገበያው አጠገብ ቤተሰብ ሳነሳ ዓሣ የሚልጠው ሰውዬ ቅርፊቱን ወደ እኔ አስፈንጥሮ፣ አንዲት ቅርፊት ፊልተሩ መሐል ላይ እንደ ቴምብር ተለጥፋ አገኘኋት። አባ ኮዳ የሚባለው ትልቅ አሞራ ደግሞ ክንፉን ባራገፈ ቁጥር ምን እንደሚያራግፍ አልነግራችሁም። ሁሉንም የበላው ያ መስታወት ነው። እየፈታሁ፣ እየነፋሁ፣ እየጠረግኩ፣ ትንሿን ሌንስ አንድ ቀን እንኳ ሳላስነካ ዓመቱን ጨረስኩ። ደመወዜ ለባጃጅና ለደብተር በቃኝ፤ ስለሱ ይህ ይበቃል።

ያኔ አንድ ነገር አይቼ ግን በቅጡ አልገባኝም። አንዲት ሙሽራ ፀሐይ ወደ ሐይቁ ስትወርድ ፀሐይዋን ከኋላዋ አድርጋ ልትነሳ ፈለገች። ጋሽ ታደለ ካሜራውን ተቀበሉኝና ፊልተሩን ፈትተው ኪሳቸው ከተቱ። ደነገጥኩ።

«ጋሼ፣ ዘበኛው!»

«ዘበኛም ቢሆን እንግዳ ሲመጣ ከበር ላይ ዞር ይላል። ፀሐይ ፊት ለፊት ስትሆን ይሄ መስታወት ሁለተኛ ፀሐይ ይወልዳል። የሙሽራዋ ጉንጭ ላይ ቢወልድ ማን ይቀበለናል?»

ሳቅኩ። ሳቁ አብሮኝ ቀረ፣ ትምህርቱ ግን አልገባኝም ነበር። ይህ ወደ ጥፋቴ ያመጣኛል።

ጡረተኞች ጥፋታቸውን በአንድ መስመር ያልፉታል፤ አያቴ እንደዚያ ነው የሚያወራው። እኔ ግን የምጨርሰው በሱ ነው። ዩኒቨርሲቲ ደርሶኝ ልሄድ ስለሆነ፣ እውነቱን ትቼ መሄድ አልፈልግም።

አምና ነው። የሲዳማ ዘመን መለወጫ ፊቼ ሊደርስ ሲል አባባ ባራሳ የሚባሉ የቱላ ሽማግሌ ሱቃችን መጡ። ነጭ ልብስ፣ ረጅም ዘንግ፣ ጥቂት አማርኛ። ከታላቅ እህታቸው ከእማማ ዱካሌ ጋር አሥራ አንድ ዓመት ተኳርፈው ኖረዋል። ለምን እንደሆነ አልጠየቅኩም፤ ጋሽ ታደለ «ፎቶ አንሺ የሰው ፊት ያያል እንጂ ሆድ አይከፍትም» ይላሉ። ሽማግሌዎች ሁለት ዓመት ተመላልሰው አስታርቀዋቸዋል። እህትየው በፊቼ ከዳዬ ይመጣሉ፣ ጉዱማሌ ሜዳ ላይ አብረው ይቆማሉ፣ በሁለተኛው ቀን ጠዋት ይመለሳሉ።

«አንድ ፎቶ» አሉ አባባ ባራሳ፣ አንድ ጣታቸውን አቁመው። «እሷ ጋር የለኝም። አንድም የለኝም።»

ጋሽ ታደለ በዚያ ሰሞን ጉልበታቸው አልታዘዝ ብሏቸው ነበር። ወደ እኔ ዞሩ። ትልቋን ሌንስ አንሥተው በሁለት እጃቸው ሰጡኝ። ሮቤል እንኳ ብቻውን ይዟት አያውቅም።

ጉዱማሌን የማያውቅ የለም፤ በፊቼ ቀን ግን ሜዳው ራሱ ይንቀሳቀሳል። ወንዶቹ ተደርድረው እየዘፈኑ ቄጣላቸውን ሲረግጡ አቧራው እስከ ጉልበት ይነሳል። «አይዴ ጨምበላላ» ብሎ እንኳን አደረሰሽ ያላለኝ ሰው የለም። ሁዴ በትክክል ተሰክቷል። ፊልተሬ እንደ ውኃ ጠርቷል። ኩራቴን አትጠይቁኝ።

አባባ ባራሳ እህታቸውን በእጃቸው ይዘው መጡ። እማማ ዱካሌ ፀጉራቸው ላይ የበዓል ቅቤ ነበር፤ ቁመታቸው ከወንድማቸው ይበልጣል። አባባ ባራሳ መጀመሪያ ልጅቷን ልመርቃት አሉ። ካሜራውን ደረቴ ላይ ይዤ ጎንበስ አልኩ። ቀረብ ብለው፣ እጃቸውን ዘርግተው፣ ረጅም ምርቃት መረቁኝ፤ በየመሐሉ እንትፍ፣ እንትፍ ይላሉ። የሽማግሌ ምርቃት እንደዚያ ነው። ሁዱ የጎኑን ይከልላል እንጂ የፊት ለፊቱን አይከለክልም። እንትፍታው ፊልተሩ ላይ አረፈ። አየሁት፤ ስድስት ሰባት ጠብታ።

አሁን እነዚያን ሰከንዶች ልንገራችሁ። ጨርቁ ኪሴ ውስጥ ነው። እጄ ወደዚያ ሄደ፣ ተመለሰ። እፊታቸው ምርቃታቸውን ጠርጌ ልጥል? ፊልተሩን ልፍታ? ሌንሷን ያለ ዘበኛ፣ በዚህ አቧራ? በዚያው ቄጣላው አጠገባችን አለፈ፣ አቧራው ተነሣ፣ እርጥቡ ላይ ተለጠፈ። ሁለቱ ግን ጎን ለጎን ቆመው፣ ፀሐይ ወደ እኔ ዘቅዝቃ፣ እየጠበቁኝ ነው። አነሳሁ። አሥራ ሁለት ጊዜ አነሳሁ። በፀሐዩ ምክንያት የካሜራው ትንሽ መስኮት ላይ ምንም አይታይም። ቢታይም አላየሁም ነበር፤ ደስ ብሎኛል።

ሱቅ ተመልሼ ኮምፒውተሩ ላይ ስከፍተው፣ አሥራ ሁለቱም ላይ ነጭ ጉም ነበር። እማማ ዱካሌ ፊታቸው ላይ የብርሃን ኩሬ ተኝቷል። አባባ ባራሳ ከአንገታቸው በላይ የሉም።

ጋሽ ታደለ እጃቸውን ዘረጉ፤ ፊልተሩን ፈትቼ ሰጠኋቸው። ወደ መስኮቱ አዙረው አዩት።

«ምንድነው ይሄ?»

«ምርቃት ነው» አልኩ።

ወንበር ስበው ተቀመጡ። «የማን?»

«የአባባ ባራሳ። እፊታቸው መጥረግ ነውር ሆነብኝ፣ ጋሼ።»

«እሱስ እኔም ብሆን እቸገራለሁ» አሉ። «ግን ይፈታል እኮ። ሁለት ዙር ነው። ፈትተሽ ኪስሽ ትከቺው ነበር። ምርቃቱም ኪስሽ ውስጥ፣ ሌንሷም ዓይኗን ገልጣ።»

ይህ ለምን እንዳልታየኝ እስካሁን ያናድደኛል። «ሌንሷ ግን ምንም አልሆነችም» አልኩ፣ ያለኝን መከላከያ ሁሉ አውጥቼ።

«አዎ፣ እሷ ደህና ናት። ሰዎቹ ናቸው የሌሉት።»

ያኔ ነው ያለቀስኩት። ፎቶው ስለተበላሸ ብቻ አይደለም። የእርቅ ፎቶ ተበላሸ ሲባል፣ እማማ ዱካሌ እርቁ አልተወደደም ማለት ነው ብለው ቢነሱስ? እንትፍታውን መጥረግ ስለፈራሁ የአሥራ አንድ ዓመቱ ኩርፊያ ቢመለስስ?

«መቼ ነው የሚሄዱት?» አሉ ጋሽ ታደለ።

«ነገ ጠዋት፣ በአውቶቡስ።»

«እንግዲያው አሁኑኑ ቱላ ትሄጃለሽ። እኔ አልናገርልሽም። ራስሽ ትነግሪያቸዋለሽ።»

«በየትኛው ሌንስ?»

«በእሷ ነዋ። በጣትሽ ልትስያቸው ነው?» አሉና ፊልተሩን አጠቡት፣ አደረቁት፣ ወደ ኋላ አዙረው ቀጭ ሲል ወደ ፊት ገጠሙት፣ መልሰው ሰጡኝ። ጥፋቴን ካዩ ገና ሩብ ሰዓት አልሞላም። እኔ አለቃ ብሆን ኖሮ ለእኔ አልሰጥም ነበር።

ባጃጁ ውስጥ ካሜራውን በነጠላ ጠቅልዬ እንደ አራስ ልጅ ታቅፌ ቱላ ደረስኩ። አባባ ባራሳ ደጅ፣ እንሰቱ ጥላ ሥር አግዳሚ ላይ ተቀምጠው ነበር፤ ሁለቱም። ቆሜ፣ በአማርኛ፣ ሁሉንም ተናገርኩ። እንትፍታውን፣ ነውሩን፣ አቧራውን። ስጨርስ እማማ ዱካሌ አማርኛ ስለማይሰሙ ምን አለች ብለው ወንድማቸውን ጠየቁ፤ እሳቸው ግን ዓይናቸውን መሬት ላይ ተከሉ። እናቴ ሲዳማ ናት፤ በእናቴ ቋንቋ ደግሜ ነገርኳቸው።

እማማ ዱካሌ ሰሙ። አፋቸውን በነጠላቸው ያዙ። መጀመሪያ ትከሻቸው፣ ቀጥሎ ሁለመናቸው በሳቅ ተነቃነቀ።

«ልጅ ሆኖም እንዲሁ ነው» አሉኝ። «ሲያወራ ያረጥባል። ስንቱን ልብሴን አጠብኩበት።»

«ምርቃት ደረቅ አይሆንም» አሉ አባባ ባራሳ፣ ተቀይመው።

«ያንተ ጎርፍ ነው።»

አባባ ባራሳ ሳቃቸው አመለጣቸው። ከዚያ ወደ እኔ ዞረው በአማርኛ፣ ቃል በቃል እየፈለጉ፣ «ብትጠርጊው ይጠፋል ብለሽ ነው? ምርቃት የወረደው አንቺ ላይ ነው። መስታወቱ መንገድ ላይ ቆሞ ነው የረጠበ» አሉኝ።

ፀሐይዋ በእንሰቱ ቅጠል መሐል ፊት ለፊቴ ነበረች። ካሜራውን ደረቴ ላይ አስጠግቼ ፊልተሩን ፈታሁ። ሁለት ዙር። ኪሴ ከተትኩት። የሌንሷን ፊት ራቁቱን ይዤ ላነሳ ስል ያ የመጀመሪያ ጊዜዬ ነበር፤ ሐምራዊና አረንጓዴ ያብለጨልጫል። ሁዱን አጠበቅኩ፣ ከፀሐይዋ አንድ እርምጃ ወደ ጎን ሸሸሁ።

አባባ ባራሳ ድጋሚ ሊመርቁኝ እጃቸውን ሲዘረጉ እማማ ዱካሌ መዳፋቸውን አፋቸው ላይ ጫኑባቸው። «ልጅቷ ትጨርስ!» ያንንም አንስቻለሁ። ያሳተምነው ግን ቀጣዩን ነው፤ መዳፋቸው ከአፍ ወርዶ የወንድማቸው ትከሻ ላይ ያረፈበትን፣ ሁለቱም ሳቃቸውን ገና ሳይጨርሱ ወደ እኔ ያዩበትን።

ጋሽ ታደለ በማግስቱ ዳቦ ቤቱ ሳይከፈት ሱቁን ከፍተው፣ ሁለት አድርገው አሳትመው፣ በካርቶን ደግፈው ፖስታ ውስጥ ጨመሩልኝ። በዚያ ጉልበታቸው እስከ አውቶቡስ መነሻው አብረውኝ መጡ። እማማ ዱካሌ መስኮት አጠገብ ተቀምጠዋል። አባባ ባራሳ ከታች ቆመዋል። ፖስታውን በመስኮቱ አቀበልኳቸው።

እማማ ዱካሌ ፎቶውን አወጡት። ራሳቸውን አላዩም። አውራ ጣታቸውን በወንድማቸው ፊት ላይ፣ በግንባሩ መስመሮች፣ በዓይኑ ጥግ፣ በነጣው ጢም ላይ አንድ በአንድ አሳለፉ። ሌንሷ አንዱንም አልዘለለችም ነበር። ከዚያ እኔን እያዩ፣ በእናቴ ቋንቋ፣

«መቼ ነው እንዲህ ያረጀው?» አሉኝ።

የመለሱት ከታች የቆሙት አባባ ባራሳ ናቸው።

«ሳታዪኝ» አሉ።

ሹፌሩ ሞተሩን አስነሣ። እማማ ዱካሌ ክንዳቸውን እስከ ትከሻቸው ድረስ በመስኮቱ አውጥተው የወንድማቸውን እጅ ያዙ። አውቶቡሱ መንቀሳቀስ ጀመረ። አባባ ባራሳ ዘንጋቸውን ጥለው አብረው ተራመዱ፣ ቀጥለው ሮጥ ሮጥ አሉ። ጋሽ ታደለ በሚያመው ጉልበታቸው ጎንበስ ብለው ዘንጉን አነሱላቸው።